የኡሙሰልማ እናት ቀለም

ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ በሚወጣው ቀጭን መንገድ፣ የኡሙሰልማን ቤት የሚፈልግ ሰው ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር፤ አፍንጫውን ተከትሎ ይደርሳል። ቀለም ሲብላላ ይሸታላ! የሰፈሩ ሰው ለምዶታል። እንግዳ ግን አጥሩ ሥር ቆም ብሎ፣ "እዚህ ቤት ምን ሞቶ ነው?" ማለቱ አይቀርም። ኡሙሰልማም ከግቢዋ ሆና ከሰማችው አትምረውም።

"የሞተስ የለም! ይልቅ አፍንጫህን ታጥበህ ና!"

ምላሷ ይህን ይመስል ነበር። እጇ ግን ሌላ ነው። ከአበባ፣ ከእህልና ከጥላሸት የምታወጣው ቀለም ከሐይቅ እስከ ባቲ ስሙ የተጠራ ነበር። ቁርአን የሚቀሩ ደረሶች በእንጨት ሉሃቸው ላይ የሚጽፉበትን ጥቁር ከሷ ይገዛሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች በመጽሐፍ ራስጌ ሐረግ የሚስሉበትን ቀይና ቢጫ ከሷ ይወስዳሉ። ከሁሉ በፊት ግን ቀለሙ የባሏ የሸህ ሸረፈዲን ነበር። ሸህ ሸረፈዲን ቁርአን በእጃቸው የሚጽፉ ሰው ናቸው። እሷ ቀለሙን ታወጣለች፣ እሳቸው መቃቸውን ቀርጸው ይጽፋሉ፤ እንዲህ ሆነው ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሩ።

ቀዩን ስትሠራ ለሚያያት ሰው ጨዋታ ይመስላል። ሱፍ ሲያብብ እሾሁ እየወጋት አበባውን ትለቅማለች፣ ታደርቃለች። በንጹህ ውሃ ስትዘፈዝፈው መጀመሪያ ቢጫው ይወጣል፤ እሱን አጥልላ ለብቻው ታኖረዋለች። ቢጫው በቃኝ እስኪል ደጋግማ ታጥበውና ከአመድ በተጣራ ውሃ ትነክረዋለች። ከዚያ ሎሚ ስትጨምቅበት ቀዩ ከተደበቀበት ብቅ ይላል። ይህን ጊዜ ሁልጊዜ "ሱብሐነላህ" ትላለች፤ ስንት ዓመት አይታው አልሰለቻትም። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ትጥልበታለች፣ ጨርቁ ቀዩን እስኪጠግብ ይጠጣል። እሱን በጥላ አድርቃ፣ በቆዳ ጠቅልላ፣ ብርሃን በማያገኘው ሙዳይ ውስጥ ትከተዋለች። ቀይ ቀለም ፈልጎ የመጣ አዲስ ገዢ ከጨርቁ ላይ ጣት የሚያህል ቀድዳ ስትሰጠው ግራ ይገባዋል።

"ቀለም አልኩሽ እንጂ ጨርቅ መች ጠየቅሁሽ?"

"ወስደህ አመድ ውሃ አቅምሰው፣ ሙጫ ጠብ አድርግበት። ካልቀላ መጥተህ ስደበኝ።"

መጥቶ የሰደባት የለም።

ጥቁሩ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ አይወድም። ከኩራዝና ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት፣ ከሰል እስኪሆን ተቆልቶ የተፈጨ ስንዴ፣ ጥቂት የቅጠል ጭማቂ በውሃ ተበጥብጦ ማሰሮ ይገባል፤ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ተቀምጦ፣ በየጠዋቱ እየተማሰለ ይብላላል። ደርሶ የላይኛው ሲቀዳ ታች የሚቀረው ወፍራም ዝቃጭ አይደፋም። እሱ እናት ቀለም ነው። አዲሱ የሚበጠበጠው በሱ ላይ ነው፤ ያለሱ ይሻግታል እንጂ አይጠቁርም። ለገበያ የሚወጣው ጥቁር ከሙጫ ጋር ተንተክትኮ፣ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ የደረቀው ነው፤ የበሰለ ነገር ደግሞ እርሾ አይሆንም። ስለዚህ እናት ቀለም የሚገኘው በኡሙሰልማ ማሰሮ ውስጥ ብቻ ነበር።

እሷም ያገኘችው ከእናቷ ነው። በባቲ መንገድ ካለችው ደጋን ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ ስትዳር እናቷ ከማሰሮው ቀድታ በቅል ሰጠቻት፤ ከቅሉም ጋር አፉ ትንሽ የተሸረፈ የቀለም ቀንድ።

"እናት ቀለም ደጃፍ አይሻገርም" አለቻት። "ከእናት ለልጅ ነው፣ በቃ። እጅ ከበዛበት በረካው ይሸሻል።"

ኡሙሰልማ ቅሉን አቅፋ በበቅሎ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ በቅሎዋ ተደናቀፈችና ቀለሙ በሙሽራ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ደሴ ስትደርስ ሚዜዎቹ ተንሾካሾኩ፤ አማቷም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸህ ሸረፈዲን ያኔ ገና ወጣት ጸሐፊ ነበሩ። ወደ ቀሚሱ ጎንበስ ብለው ነገሩን ሲያስተውሉ ቆዩና፣ "ማሻ አላህ! እንዲህ ያለ ጥቁር አይቼ አላውቅም" አሉ። ኡሙሰልማ ባሏን የወደደችው በዚያች ደቂቃ ነው።

በቅሉ የተረፈችውን ጥቂት ዝቃጭ አዲስ ማሰሮ ውስጥ አስገብታ አሳደገቻት። እናቷ ስታርፍ የደጋኑ ማሰሮ የሚያማስለው አጥቶ ደረቀ። አንዲት ልጇ ጣይባም ስትዳር ቅሉን አልቀበልም አለች። "እማዬ፣ የምገባው ኪራይ ቤት ነው፤ ይሄን ሽታ ይዤ ብሄድ አከራዬ በማግስቱ ያስወጣኛል።" ኡሙሰልማ አኮረፈች፤ ግን ምን ታድርግ፣ ቅሉን መልሳ ማሰሮው ውስጥ ገለበጠችው።

በእናቷ ቃል ግን ቀልድ አታውቅም። ድስት ቢጠይቋት ትሰጣለች፣ ጨው ቢጠይቋት ትሰጣለች፣ እናት ቀለም ላለ ሰው ግን ፊቷ ይጠቁራል። የሸህ ሸረፈዲን የልብ ወዳጅ መሪጌታ ፈንታሁን የመዝሙረ ዳዊት ጸሐፊ ነበሩ። ሁለቱ ግድግዳው ሥር ተቀምጠው መቃ ሲቀርጹ፣ አንዱ የሌላውን ሲሞክር ይውላሉ። መሪጌታ ያንን ማሰሮ በዓይናቸው ያልተመኙበት ቀን የለም፤ በአፋቸውም ደጋግመው ለምነዋል።

"ኡሙሰልማ፣ እባክሽ አንዲት ማንኪያ።"

"መሪጌታ፣ ዓይኔን ይጠይቁኝ እሰጥዎታለሁ። ይሄን ግን ተዉኝ።"

መሪጌታ ይስቃሉ። "ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይላሉ። ይሄስ የሚሸጥበት ቢኖር እኮ ነው!"

ሸህ ሸረፈዲን በዚህ ጨዋታ አይገቡም ነበር። አጎንብሰው መቃቸውን ይቀርጻሉ።

ያ የተሸረፈው ቀንድ የጠፋውም በነዚያው ዓመታት ነው። ኡሙሰልማ ቤቱን ገልብጣ ፈልጋ አጣችው። አይጥ ወስዶት ይሆናል ያሉት ሸህ ሸረፈዲን ናቸው። "አይጥ ቀንድ ምን ያደርግለታል?" ብትላቸው፣ "የአይጥ ነገር ምን ይታወቃል" ብለው ለሶላት ተነሡ። ኡሙሰልማ ለዚያ ቀንድ ስትል ድመት አሳደገች።

ነገሩ የደረሰው ከድርቁ በኋላ በመጣው ደህና ዓመት ነው። ጣይባ ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ከሚሠራ ባሏ ጋር ትኖር ነበርና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃረበች። ኡሙሰልማ የደረሰውን ቀለም ቀድታ አንተክትካ ጠፈጠፈችው፤ ለባሏ ጥቂት አስቀርታ ሌላውን ሸጠችና ለአራሷ ማርና ቅቤ ገዛችበት። እናት ቀለሙን ከማሰሮው ሥር ትታ፣ "በየጠዋቱ ያማስሉልኝ" ብላ ለሸህ ሸረፈዲን አደራ ሰጥታ፣ ልጇን ልታርስ ወረደች።

በዚያው ሰሞን በቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ታወጀ። ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው በየመንደሩ እየዞረ፣ የሚሸት ዕቃና የቆመ ውሃ የተገኘበት ቤት ስሙ በስብሰባ ላይ እንደሚጠራ ይለፍፋል። በዚያ ዘመን ደግሞ ስሙ በስብሰባ እንዲጠራ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ የኔነሽ ይህን ስትሰማ ለኡሙሰልማ ፈራች። የኡሙሰልማ የግድግዳ ጎረቤት ናት። በሙሽርነቷ ማንንም ሳታውቅ ደሴ ስትገባ እናት የሆነቻት ኡሙሰልማ ነበረች፤ የሷ ስም ሲጠራ እንዴት ቆማ ትስማ? ሸህ ሸረፈዲን ለጁምዓ ወደ መስጊድ እንደወጡ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች።

የኔነሽ ጠላ ጠማቂ ናት። ጠላ ጠማቂ አንድ የምታውቀው ነገር አለ፤ የላይኛው ከተቀዳ የታችኛው አተላ ነው፣ አተላ ደግሞ ይደፋል። ማሰሮውን ከፍታ አየችው። ወፍራም፣ ጥቁር፣ የሚሸት ነገር ነው። እናት ቀለም ሲባል ሰምታለች፤ ይሄ ዝቃጭ ይሆናል ብላ ግን አላሰበችም። ደፋችው። ከዚያም እንደ ሙያዋ በግራዋ ቅጠል አሽታ አጠበችው፣ አለቀለቀችው፣ በወይራ አጠነችው። ሸህ ሸረፈዲን ከመስጊድ ሲመለሱ ማሰሮው አጥሩ ሥር ተደፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። አንሥተው ውስጡን አዩና ገብተው ተቀመጡ።

ኡሙሰልማ የልጅ ልጇን ታቅፋው ከርማ፣ ስሙም ወጥቶለት፣ ከኮምቦልቻ ስትመለስ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። መንገዱን ስትወጣ ግን አንድ ነገር ጎደለባት። አየሩ ንጹህ ነው። አጥሯ ሥር ስትደርስ ቆም አለችና እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀውን ራሷ ጠየቀች።

"ምን ሞቶ ነው?"

የኔነሽ ከቤቷ እየሮጠች ወጣች። "እትዬ ኡሙሰልማ! እንኳን ደህና መጡ፣ እንኳን ማርያም ማረችልዎት! ማሰሮዎን ይዩልኝማ፣ ሙሽራ አስመስዬዋለሁ!"

ኡሙሰልማ ማሰሮውን አንሥታ አሸተተችው። ወይራ ይሸታል። እጇን አግብታ ዳበሰችው፤ ጣቷ ንጹህ ሆኖ ወጣ።

"የታችኛውስ?" አለች ቀስ ብላ። "ታች የነበረውስ?"

"አተላው? ደፋሁታ..." የኔነሽ የጀመረችውን አልጨረሰችም፤ የኡሙሰልማን ፊት አየችና ምን እንደሠራች ገባት።

ኡሙሰልማ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ሰፈሩን ያስደነገጠውም ይኸው ነው። ማሰሮውን እንዳቀፈች መሬት ላይ ቁጭ አለች። የኔነሽ፣ "አፉ ይበሉኝ፣ በሞቴ አፉ ይበሉኝ" እያለች ጉልበቷ ላይ ወደቀች።

"አፉ ብያለሁ" አለች ኡሙሰልማ። "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሂጂ፣ ልጆችሽ ይጠብቁሻል።"

የኔነሽ ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ደጃፍ ማለፍ አፍራ፣ ገበያ ስትወጣም ስትገባም በታችኛው መንገድ ትዞር ጀመር።

ለማሰሮ እንዲህ ይታዘናል ወይ የሚል ይኖራል። ሸህ ሸረፈዲን በዚያን ጊዜ የመጨረሻዬ ነው ያሉትን ቁርአን እየጻፉ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነው። ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ በኡሙሰልማ ጥቁር የተጻፈ ነው፤ የቀረው ከሠላሳው ክፍል አንዱ፣ አንድ ጁዝእ ብቻ ነበር። የተቀመጠላቸው ቀለም ጥቂት ገጽ አስጽፎ አለቀ። ዓይናቸው ሳይጨልም አዲስ ካልደረሰ ያ ሁሉ ድካም ጎደሎ ሆኖ መቅረቱ ነው። የሱቅ ቀለም ገዝተው ሞከሩ፤ ወደ ሰማያዊ አደላባቸው። "በነጭ ጋቢ ላይ ሰማያዊ እራፊ መጣፍ ነው" ብለው ብልቃጡን ለጎረቤት ተማሪ ሰጡት።

ኡሙሰልማ እጅ አልሰጠችም። ስንዴውን ቆላች፣ ጥላሸቱን ፋቀች፣ እናት በሌለው ማሰሮ ውስጥ በጥብጣ ፀሐይ ላይ አዋለችው። ከሳምንት በኋላ ነጭ ሻጋታ አወጣ። ገፍፋ ጣለችለት፤ መልሶ አወጣ። እንደገና ሠራች፣ ቅጠሉን ቀየረች፣ ማሰሮውን ሌሊት ሌሊት ጨርቅ አለበሰችው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። በመጨረሻ የወጣው ቀጭን፣ አመድ የመሰለ ነገር ነው። ሸህ ሸረፈዲን በቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ጻፉበት፣ ወደ ብርሃን አቀረቡት፣ አራቁት።

"አብሽሪ ኡሙዬ" አሉ። "ኸይር ይሆናል።" መቃቸውን ግን ጠርገው የቆዳ ማኅደራቸው ውስጥ ከተቱት።

መቃው ሲገባ ስታይ ኡሙሰልማ ያን ጊዜ አለቀሰች። "እናቴን ዛሬ ሁለተኛ ቀበርኳት" አለች።

በነጋታው ከዘራቸውን አንሥተው፣ "ገበያ ደርሼ ልምጣ" ብለው ወጡ። ከገበያ ያመጡት ዕቃ የለም፤ ይዘው የመጡት መሪጌታ ፈንታሁንን ነው። መሪጌታ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ነገር አቅፈዋል። ሁለቱ ደጃፉ ላይ ቆመው "ይግቡ"፣ "ኧረ ይቅደሙ" ሲባባሉ፣ ማንም ቀድሞ መግባት የፈለገ አይመስልም። ኡሙሰልማ ከጓዳ ልትወጣ ስትል አፍንጫዋ ቀደማት። ያ ሽታ ነው! የእናቷ ቤት ሽታ ነው።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። አፉ በሰም የተደፈነ የቀለም ቀንድ ነው። አፉ ትንሽ ተሸርፏል።

ኡሙሰልማ ቀንዱን አየች። መሪጌታን አየች። ከዚያ ባሏን አየች። ሸህ ሸረፈዲን ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ጣሪያውን ይመለከታሉ።

"አይጡ እርስዎ ነዎት!" አለች።

መሪጌታ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

"ወላሂ ኡሙዬ" አሉ ሸህ ሸረፈዲን፣ "ሰውዬው እየለመነ ባዶ እጁን ሲመለስ እያየሁ አፈርኩ። አንቺ ለእናትሽ ለቅሶ ደጋን የወረድሽ ጊዜ ነው። አንዲት ቀንድ ቀዳሁለት።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ስቃጠል እያዩ ዝም?"

"ከዚያ ወዲያ እኔና መሪጌታ ነገሩን አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም። ሁለት ሌባ ስለ ሌብነቱ ያወራል እንዴ? መሪጌታ መጻፍ ካቆሙ ቆዩ፤ ማሰሯቸው ሞቶ ከሆነ ተስፋ ሰጥቼሽ ሁለቴ እንዳላስለቅስሽ ብዬ ነው።" ዓይናቸውን ከጣሪያው አወረዱ። "ደግሞ አንቺንም ፈራሁ።"

"መጻፉን ትቻለሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል" አሉ መሪጌታ። "ማሰሮውን ግን አልተውኩም። ጥላሸትና ስንዴ እያበላሁ በየጠዋቱ አማስለዋለሁ። የተሰረቀ ነገር ነዋ፤ ቢሞትብኝ ኃጢአቱ እጥፍ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ይኸው ቀንድሽን መለስኩ። ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም።"

ኡሙሰልማ ቀንዱን ተቀብላ በጥርሷ ሰሙን ነቀለችው። ቀለሙ ወፍራም ነው፤ ያብረቀርቃል። ያን ሁሉ ዓመት ዘብ ቆማ የጠበቀችው በገዛ ቤቷ ጠፋ፤ ከሷ ተሰርቆ የወጣው ግን ተረፈ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቃሏን አክብረውላት ቢሆን ኖሮ የእናቷ ቀለም ዛሬ በምድር ላይ አይኖርም ነበር። ይህን ስታስበው ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት፤ ልትሳደብ አፏን ብትከፍት የወጣው ሳቅ ነው። ሦስቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

"ቢስሚላህ" ብላ ቀንዱን ማሰሮው ውስጥ ገለበጠችው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ማሰሮው አረፋ ደፈቀ፣ ከዚያ ሸተተ፤ አንድ የአህያ ነጂም አጥሩ ሥር ቆሞ ምን እንደሞተ ጠየቀ። ኡሙሰልማ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠያቂውን አልሰደበችም፤ "እልፍ በል ወንድሜ፣ ዛሬስ የሚሸተው ሠርግ ነው" አለችው።

ሸህ ሸረፈዲን መቃቸውን መልሰው አወጡ። ጠዋት ብርሃኑ ደህና በሚሆንበት ሰዓት ብቻ እየጻፉ፣ አንዳንዱን ቀን ሁለት መስመር፣ አንዳንዱን ቀን ግማሽ ገጽ እየሠሩ ጁዝኡን ጨረሱት። ጠርዙን በቀይና በቢጫ ያሳመሩት ከሙዳዩ በወጣ ጨርቅ ነው። ሲያበቁ ኡሙሰልማን ጠርተው የትኛው ገጽ ከእኛ ማሰሮ፣ የትኛው ከመሪጌታ ማሰሮ እንደሆነ ለይተሽ አሳዪኝ አሏት። ገጽ በገጽ እያገላበጠች አየችው። ልትለየው አልቻለችም፤ ደስ አላት።

በዚያው ሳምንት ትናንሽ ቅሎች ገዝታ መጣች። አንዱን በመኪና ኮምቦልቻ ላከችው፤ ለጣይባም፣ አከራይዋ ከተቆጣ መጥቶ እኔን ያነጋግረኝ የሚል መልእክት ሰደደችላት። አንዱን ይዛ ደግሞ ጠዋት ወደ ታችኛው መንገድ ወረደችና ዳር ላይ ቆመች።

የኔነሽ ዘንቢሏን ይዛ ብቅ ስትል አየቻትና ልትመለስ ዞረች።

"የኔነሽ! ቁሚ!"

የኔነሽ ቆመች። ኡሙሰልማ ደርሳ ቅሉን ዘረጋችላት። ሽታው ቀድሞ ነግሯት የኔነሽ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

"ለኔ? እትዬ፣ የደፋሁት እኮ እኔ ነኝ!"

"አላውቅም? መሠረተ ትምህርት እየገባሽ አይደል? ስምሽን በምን ልትጽፊው ነው? ያዢ።"

"የእናትዎ ቃልስ? ደጃፍ አይሻገርም ይሉ አልነበር?"

"እናቴ ጠላ ጠማቂ ጎረቤት አልነበራትም" አለች ኡሙሰልማ፤ ቅሉንም እጇ ላይ ጫነችላት። "በየጠዋቱ አማስይው። ከጠላሽ ማሰሮ አርቀሽ አስቀምጪው። ደግሞ ነገ የኔን ብታጥቢብኝ፣ መጥቼ ካንቺ እበደራለሁ።"

የኔነሽ ዘንቢሏን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ቅሉን በሁለት እጇ አቅፋ፣ እንዳይፈስባት እያየች፣ በኡሙሰልማ ደጃፍ በሚያልፈው በላይኛው መንገድ ወደ ቤቷ ሄደች።